ጋሽ ኦስመንድን የገደለው መጽሐፍ

ባለፈው ጥቅምት አዳማ ፖስታ ቤት አጠገብ ካለው ፋርማሲ የደም ግፊት መድኃኒቴን ገዝቼ ስወጣ፣ ፀጉሩ ግራና ቀኝ የሸበተ፣ ሆዱ ትንሽ ገፋ ያለ ሰውዬ መንገዴን ዘግቶ ቆመ። "ይቅርታ፣ ቲቸር አስቴር ነዎት አይደል? እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበሩት?" አለኝ። ነኝ አልኩት። በዚህ ከተማ መንገድ ላይ የሚያስቆመኝ ሰው ሁሉ ወይ ተማሪዬ ነበር፣ ወይ ልጁን አስተምሬለታለሁ፤ ስለዚህ "ስንት ሰጥቼህ ነበር?" ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። "እኔን እንኳን አላስተማሩኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጫልቱ በሩን ከፍታ ገብታ ምን አለች?"

ያ ዓረፍተ ነገር የኔ ነው። የጻፍኩት ገና ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው፤ መጽሐፉን ደግሞ ከኔ ሌላ በሕይወት ያለ ሰው አንብቦታል ብዬ አስቤ አላውቅም። "አንተ ከየት አገኘኸው?" አልኩት። "ኦቾሎኒ ተጠቅልሎበት" አለኝ። ስሙ ደረጀ ይባላል። ልጅ ሆኖ አውቶቡስ ተራ የአስር ሳንቲም ኦቾሎኒ ይገዛል፤ በልቶ ሲጨርስ መጠቅለያውን ዘርግቶ ያነባል፤ ወረቀቷ የምታልቀው ጫልቱ የምትባል ሴት በሩን ከፍታ ገብታ "እንዲህ አለች" የሚለው ላይ ነው። በማግሥቱ ተመልሶ ገዛ። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚሁ። ሻጯ ኦቾሎኒ ወዳድ መስሏት ጨመር ታደርግለት ነበር፤ እሱ ግን የሚፈልገው ቀጣዩን ገጽ ነው። "ስለ ዓሣ የሚያወራውን ገጽ ሁለት ጊዜ አገኘሁት፤ ያንን ግን በጭራሽ" አለኝ፤ አሁንም ድረስ እንደተናደደ ነው። ወረቀቱ የመጣበት ማተሚያ ቤት ድረስ ሄዶ ማን እንደጻፈው ጠይቋል። "ቲቸር አስቴር ናት፤ ግን ስለዚያ መጽሐፍ እንዳታነሳባት" ብለውት ፈርቶ ቀረ። ያ የፈራው ልጅ ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፎት ፍራንኮ አካባቢ የሕትመት ሱቅ ከፍቷል፤ ባነር፣ ቲሸርት፣ የሰርግ ካርድ፣ መጽሐፍም ያትማል። ሻይ ቤት ገብተን ስናወራ ቆየን። መድኃኒቴን ጠረጴዛው ላይ ረስቼ ወጣሁና በባጃጅ ተከትሎ አመጣልኝ።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ምሳም አልበላሁ። ተቀምጬ ያን ዘመን ሳስብ ዋልኩ። ያኔ አዳማን ናዝሬት፣ ባቱንም ዝዋይ ነበር የምንላቸው። እኔም ቀጭን ነበርኩ፤ የማያምን ፎቶ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ያለው መንገድ በሙሉ ሰርግ ያለበት ይመስል ነበር። ካሴት ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ደጅ አውጥተው ይፎካከራሉ። ወንዶቹ አፍሮ ፀጉራቸው ውስጥ ሚዶ ሰክተው፣ አስፋልት በሚጠርግ ቤልቦተም ይንጎራደዳሉ። እኛ ሴቶቹ ከቤት ስንወጣ ነጠላ እንደርብና የአባቶቻችን ዓይን የማይደርስበት ጥግ ላይ አጥፈን ቦርሳ ውስጥ እንከታታለን፤ ከስሯ ያለችው ቀሚስ ጉልበት ላይ ለመድረስ ብዙ የሚቀራት ናት። ጋሪ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሰፈሬ በስሙኒ ያደርሰኝ ነበር፤ ፈረሱ መንገዱን ስለሚያውቀው ባለጋሪው ተደግፎ ያንቀላፋል። ዛሬ የባጃጁን ሾፌር ሒሳብ ስንት ነው ብዬ ስጠይቀው መጀመሪያ ያዛጋል፤ ከዚያ የሚጠራው ቁጥር ስሙኒ በነበረችበት ዘመን የነበረ አይመስልም። አየሩ ግን ያው ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ያ ሞቃት ነፋስ አቧራውን ይዞ ዛሬም ዓይን ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል አንድ ዓይነት ካሴት ነበር፤ እሱ ሲከፈት የሻይ ቤቱ ብርጭቆዎች መደርደሪያቸው ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ዘፈኑ ኦሮምኛ ነው፣ አንዳንዴም አማርኛ፤ ምቱ ግን ሬጌ ነው። ቤዙ ከጆሮ በፊት ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው። ከጀርባው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያልፍ የፈረስ ኮቴ ይሰማል። ሁላችንም ዘፋኞቹን እናውቃቸው ነበር፤ የመቂ፣ የወለንጪቲ፣ የራሳችን የናዝሬት ልጆች ናቸው። ካሴቱን የሠራውን ሰው ግን ማንም አያውቀውም። ስሙ ከሽፋኑ ጀርባ፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ ፕሮዲዩሰር ኦስመንድ። እኔ ራሴ ፕሮዲዩሰር ማለት ገንዘብ የሚያወጣው ሀብታም ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ኦስመንድ ሀብታም አልነበረም። ሰውየው ጃማይካዊ ነው፤ በአገሩ ሳለ ዘፈን መቅረጽ ሥራው ነበር። መጥቶ መጀመሪያ ከአገሩ ልጆች ጋር ሻሸመኔ ተቀመጠ፤ ኋላ ግን ዝዋይ ከተመ። ሰው ሲጠይቀው "ሐይቁን ወድጄ ነው" ይላል። ሐይቁን መውደዱ ውሸት አይደለም፤ ግን ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ጫልቱ የምትባል ወገቧ የሚደርስ ፀጉር ያላት ሴት ነበረች፤ ያገባትም እሷን ነው። ከዓሣ ቤቱ ጓሮ አንዲት የጭቃ ክፍል ነበረች። ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን ለበጠው፤ ካርቶኑ ባለቀበት በኩል ጫልቱ የእንግዳ ፍራሾቿን እየሰቀለች ታግዘው ነበር። በሩ ፊት ለፊት የጋሪ መንገድ አለ። መጀመሪያ ሰሞን ጋሪ በመጣ ቁጥር እጁን አንሥቶ ቀረጻውን ያስቆማል። አንድ ቀን እጁን ሳያነሳ ቀረ። ፈረሱ አለፈ፤ መልሶ ሲያዳምጠው ኮቴው ከምቱ ጋር ገጥሟል። ከዚያ ወዲያ ጋሪዎቹን አስቁሞ አያውቅም፤ እንዲያውም ባለጋሪዎቹ ሆን ብለው በዚያ በኩል ይመላለሱ ጀመር።

እኔን ወደዚያ የወሰደችኝ አብራኝ የምታስተምር የዝዋይ ልጅ ናት። "ሰውየው ግጥሞቹን የሚተረጉምለት ይፈልጋል" አለችኝ፤ ለአንድ ቅዳሜ ብዬ ሄድኩ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜዬ እዚያ አለቀ። አባቴ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር፤ ዓለማዊ ዘፈን በራዲዮ ሲመጣ ተነሥቶ የሚዘጋ ሰው። ነገሩን ሲሰማ ጠርቶ አስቀመጠኝ። "ሰውየው ይጠጣል?" "አይጠጣም።" "ሥጋስ?" "ዓሣ ብቻ ነው የሚበላው።" "ይጸልያል?" "ከአንተ ይበልጣል" አልኩት። "ከመምሸቱ በፊት ተመለሺ" ብሎ ለቀቀኝ። አባቴን ከወደድኩባቸው ቀኖች አንዱ እሱ ነው።

መጽሐፍ ልጻፍልህ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አልጠየቀኝም። ከዘፋኝ ውስጥ ድምፅ እንዴት እንደሚያወጣ ተቀምጬ አይ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት መምህር በሕይወቴ አላየሁም። አይቆጣም፣ አይመክርም፤ ይጠብቃል። ያን ነገር ሰው ሳያውቀው ሊቀር ነው የሚለው ሐሳብ ያናድደኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ያወራልኛል፤ አማርኛው ላይ ኦሮምኛ ይጨምርበታል፣ ሲያጥረው በእንግሊዝኛ ይሞላዋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እጽፋለሁ። በዕድሜዬ ምን እየሠራሁ እንደሆነ በደንብ የማውቅ ሆኖ የተሰማኝ ያኔ ብቻ ነው። ያ ዘመን ማንኛውም ጽሑፍ ታይቶ፣ ማህተም ተመትቶበት የሚታተምበት ነበርና ከቢሮ ቢሮ ስሄድ አንድ ክረምትና በጋ አለፈ። በመጨረሻ ማህተሙ ተመታ። ስሙን "የፕሮዲዩሰር ኦስመንድ የሕይወት ታሪክ" አልኩት። ምን ክፋት አለው? ሕይወቱ ነው፣ ታሪኩም ነው።

ክፋቱ የታየው አቶ መርጊያ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ነው። አቶ መርጊያ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጎበዝ አታሚ ነበር። መጽሐፍ ግን አትሞ አያውቅም። ሥራው የሰርግ ጥሪ፣ የዕድር ደረሰኝና ከሁሉም በላይ የለቅሶ ጽሑፍ ነበር። እንደሚታወቀው በኛ አገር የሰው የሕይወት ታሪክ የሚነበበው መቃብር አፋፍ ላይ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰብ እያለቀሰ ይመጣል፤ አቶ መርጊያ ለዚህ ቀን ብሎ የሠራው ጥቁር ክፈፍ ከነምስጋናው በሲባጎ ታስሮ መደርደሪያ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ፎቶና ስም መቀየር ብቻ ነው። "ለቀስተኛ አስጠብቄ አላውቅም" ይል ነበር በኩራት። የመጽሐፌን የውስጥ ገጾች አንድ በአንድ አርሜ ጨረስኩና ለፈተና እርማት አዲስ አበባ ተጠራሁ። የቀረው ሽፋኑ ነበር። አቶ መርጊያ "የሕይወት ታሪክ" የሚለውን አየ፣ የጋሽ ኦስመንድን ፎቶ አየ፤ እጁ የለመደውን መደርደሪያ ራሱ ፈልጎ አገኘው።

እንዲያ ሆኖ ታተመ። ከፊት ለፊት የጋሽ ኦስመንድ ፎቶ በወፍራም ጥቁር ክፈፍ ውስጥ፤ ከጀርባ ደግሞ "በሐዘናችን ጊዜ ከጎናችን ሳትለዩ በጉልበታችሁና በገንዘባችሁ ያጽናናችሁንን ሁሉ እናመሰግናለን። ቤተሰቦቹ" የሚል። አቶ መርጊያ በፍጥነቱ ሊያስደስተኝ ብሎ እኔን እንኳ ሳይጠብቅ አንድ እሽግ በአውቶቡስ ወደ ዝዋይ ላከ። የደረሰው በገበያ ቀን ነው። ጋሽ ኦስመንድ ደግሞ የቴፑ ዕቃ ተበላሽቶበት ከትናንት ወዲያ ሻሸመኔ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከብዙ ሰው አፍ ነው የሰማሁት። እሽጉን ከአውቶቡስ ያወረደው ሰው ፎቶውን ሲያይ ራሱን ያዘ። ገበያው ውስጥ ወሬው ተዳረሰ። የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተጣደ። አዴ ጫልቱ፣ አዴ በኦሮምኛ እንደ እትዬ ማለት ነው፣ ከሰው ሁሉ መጨረሻ ነው የሰማችው፤ ዓሣዋን እየጠበሰች ሳለ ሴቶቹ እያለቀሱ ግቢዋ ገቡ። መጽሐፉን አሳዩአት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ ነበርና "ቤተሰቦቹ" የሚለውን ራሷ አነበበችው። መኪና ተገልብጦ ነው ያሉም ነበሩ። ቴሌ ሄደው ሻሸመኔ ቢደውሉ የሚያነሳ ጠፋ። ያን ሌሊት አዴ ጫልቱ ወገቧ የሚደርሰውን ፀጉሯን በመቀስ ቆረጠችው።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኦስመንድ ከአውቶቡስ ወረደ። ደጁ ላይ ድንኳን ሲያይ ጎረቤት የሞተ መስሎት ባርኔጣውን አውልቆ ዳር ላይ ተቀመጠ። ንፍሮ የሚያድለው ልጅ ቀና ብሎ ሳያየው አፈሰለት። አጠገቡ ያሉትን ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ "ማነው የሞተው?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ጋሽ ኦስመንድ ነው፣ የጫልቱ ባል። ደግ ሰው ነበር" አሉት።

"ምን ሆኖ?"

"እሱን እንጃ። መጽሐፍ ላይ ወጥቷል።"

ጋሽ ኦስመንድ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር፤ አገር ሁሉ ለብዙ ጊዜ ስቋል፣ እኔም ኋላ ኋላ ስቄአለሁ። አዴ ጫልቱ ግን አልሳቀችም። ከቤት ስትወጣ ባሏ ንፍሮ ጨብጦ ተቀምጧል። አልጮኸችም። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለችና በነጠላዋ የተሸፈነ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

እኔ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ከአቶ መርጊያ ጋር ሄድን፤ እሱ ደጅ ላይ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ፣ ይቅርም አለችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። "አስቴር፣ በአንቺ አልተቀየምኩም። ግን እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ ባሌን ከየትኛው ገደል እንደማነሳው ሳስብ ነው ያደርኩት። እሱ በሕይወት እያለ ያ መጽሐፍ ደጄን አይረግጥም፣ ሰው እጅም አይገባም። ሲሞት የፈለግሽውን አድርጊ" አለችኝ። ጋሽ ኦስመንድን አየሁት። "እኔ የዘፈን ፕሮዲዩሰር ነኝ፤ የቤቱ ፕሮዲዩሰር እሷ ናት" አለና አንገቱን ደፋ።

እንግዲህ መጽሐፌ እንዲወጣ ጋሽ ኦስመንድ መሞት ነበረበት። መጽሐፉን መመኘት የሱን ሞት መመኘት ሆነብኝና መመኘቱን ተውኩት። ሌላም መጽሐፍ አልጻፍኩም። አቶ መርጊያ ሽፋኖቹን ገንጥሎ አቃጠላቸው፤ ውስጡን መጋዘን አስቀመጠው። ቆይቶ ወረቀት የጠፋበት ጊዜ መጣና ለኦቾሎኒ ሻጮች በኪሎ ሸጠው፤ እኔ የሰማሁት ካለቀ በኋላ ነው። አልተጣላሁትም። የሚገርመው ግን ያኔ አንድ ከተማ ሙሉ ኦቾሎኒ እየበላ መጽሐፌን በቁርጥራጭ ያነብ እንደነበረ አለማወቄ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ፣ ሽፋን የሌላት፣ ከልብሴ ስር ሻንጣ ውስጥ ቀረች። ባቱ መሄዴን ግን አላቆምኩም። ካሴት ቀርቶ ሲዲ መጣ፣ ሲዲ ቀርቶ ፍላሽ፤ የጭቃዋ ክፍል ተዘግታ ለአበባ እርሻ ሠራተኞች ተከራየች። የአዴ ጫልቱ ፀጉር እንደገና አደገ፤ አሁን ጥጥ ሆኗል። ጋሽ ኦስመንድ ሰማንያን ተሻገረ፤ የግራ ጆሮው ተዘጋ፣ የቀኙም እየደከመ ነው። በሄድኩ ቁጥር ዓሣ እንበላለን፣ እናወራለን፣ ስለ መጽሐፍ ግን ማናችንም ትንፍሽ አንልም።

ደረጀ ይህን ሁሉ ካወራሁለት በኋላ "ላትመው?" አለኝ። "እሷ ሳትፈቅድ አይሆንም፤ እኔ ደግሞ አልጠይቃትም" አልኩት። "እኔ ልጠይቃት። ቢያንስ ሴትየዋን ልያት" አለ። ይህን መከልከል አልቻልኩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በመኪናው ሄድን። ድሮ በሞጆ፣ በቆቃ፣ በመቂ እየቆመ፣ በየማቆሚያው ቲማቲምና ዓሣ በመስኮት እየገባ ግማሽ ቀን የሚፈጀው መንገድ ዛሬ በፍጥነት መንገዱ ማንም ሳያናግርህ ነው የሚያልቀው። የቆቃን ውኃ አሻግሬ እያየሁ ዞር በልና ተመለስ ልለው ሁለት ጊዜ አስቤአለሁ።

አዴ ጫልቱ ግቢዋ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፋለች። "አካም ጅርታ አስቴር፤ ኮቱ፣ ኮቱ፣ ነይ ግቢ፣ ልጅሽ ነው?" አለችኝ። "ልጄ አይደለም፤ ደረጀ ይባላል" አልኩ። ጋሽ ኦስመንድ ጥላ ስር በቀኝ ጆሮው በኩል ወንበር አስቀመጠልን። ደረጀ አልተቀመጠም። ሻይ እንኳ ሳይቀርብ "እማማ፣ እርስዎን የማውቅዎት በኦቾሎኒ ወረቀት ነው" ብሎ ጀመረ፤ የምገባበት ጠፋኝ። ከዚያ ገጿን በቃሉ ወጣት። ከመቂ የመጣች ልጅ አለች፤ ልትዘፍን መጥታ ድምፅዋ ተዘጋባት። ጋሽ ኦስመንድ ዝፈኚ አላላትም። ቴፑን አጥፍቶ ዓሣ አስመጣላትና አብረው በሉ። ስለ ዓሣው አጥንት አወጣጥ አወራት። ልጅቷ እንባዋ መጥቶ "ልሂድ" አለች። ያኔ ጫልቱ በሩን ከፍታ ገባችና እንዲህ አለች፦

እዚያ ላይ ቆመ። ቢላዋዋም ቆሟል። አዴ ጫልቱ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ምን እንዳለ ያን ዕለት ነው መጀመሪያ የሰማችው። ዓይኗን ከደረጀ ሳትነቅል "ምን አልኩ?" አለች።

"እኔም እሱን ብዬ ነው የመጣሁት" አላት።

ወደ ባሏ ዞራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ኦስመንድ፣ የመቂዋ ልጅ ጊዜ ገብቼ ምን አልኩ?"

"ብዙ ነገር ትያለሽ። የቱን ላስታውስ?" አላት።

እኔ አፌን ስከፍት ቢላዋውን እንደያዘች እጇን አነሳችብኝ። "አንቺ ዝም በይ። አንቺ ከነገርሽኝ ወሬ ነው። ካለሁበት ራሴ ልየው።" እንደገና መክተፍ ጀመረች፤ ለረዥም ጊዜ ሽንኩርቱን ብቻ እያየች ከተፈች። ዓይኗን በክርኗ ጠረገች፤ ሽንኩርቱ ነው አይደለም አላውቅም። "ያን ጊዜ የሞተበት መጽሐፍ ነው ብዬ ነው የጠላሁት። ለካ የኖርንበት ነው" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ጆሮው ሳይዘጋ አድርሱልኝ" አለችን። ደረጀ እሺ አላት።

የሽፋኑን ነገር ግን ለማንም አልተወችም። የድሮ ፎቶ አልፈልግም፣ የዛሬው ሽማግሌ ነው የሚወጣው አለች። ደረጀ ሐይቁ ዳር ወስዶ ሁለቱንም አነሳቸው፤ ጋሽ ኦስመንድ ጥርሱ ጎድሎም ይስቃል፣ እሷ ካሜራውን ትቆጣለች፣ ከኋላቸው አንድ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ የዓሣ አንጀት ይጠብቃል። ጥቁር መስመር የሚባል ነገር በመጽሐፉ በየትም ቦታ እንዳይኖር አዘዘች። "የሕይወት ታሪክ" የሚለውም ቀረ፤ "ጋሽ ኦስመንድ አለ" ይባል አለች፣ ተባለ። ሽፋኑን በቴሌግራም ልከንላት እስክታጸድቅ ድረስ እኔ ከደረጀ ማሽን አጠገብ አልተነሣሁም። የሱቁ ልጆች "ማዘር፣ ሄደው ይረፉ" ይሉኛል። የአርባ ዓመት ዕረፍት ይበቃኛል ብያቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ይዘን ሄድን። አዴ ጫልቱ ደጅ ላይ ቆማ ከእጄ ነጠቀችኝና የመቂዋ ልጅ ገጽ የት እንዳለ ጠይቃ እዚያው ቆማ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። የተባለው ይህ ነው፦ "ልጄ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፤ ፍራሾቼን ከግድግዳው አውርጄ ወደ ቤት ላስገባ ነው። የምትዘፍኚ ከሆነ ቶሎ በይ፣ የማትዘፍኚ ከሆነ አንዱን ጫፍ ያዢልኝ።" ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች፤ በሳቋ መሀል ድምፅዋ ተከፈተ፤ ዘፈነችም። አዴ ጫልቱ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ "ይሄ እኔ ነኝ። በትክክል እኔ ነኝ" አለች። ደረጀ ጀርባውን ሰጥቶን ሐይቁን ያያል።

ጋሽ ኦስመንድ የኛን ፊደል ማንበብ አይችልም። ስለሱ ከተጻፈው መጽሐፍ ደረጀ በቃሉ ከወጣት ገጽ በቀር አንድም ቃል ሰምቶ አያውቅም፤ እሷ ስለከለከለች እኔም አንብቤለት አላውቅም። ከምሳ በኋላ አዴ ጫልቱ ወንበሯን ወደ ቀኝ ጆሮው አስጠግታ፣ መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። በጣት እየተከተለች፣ ቃል በቃል፣ ጮክ ብላ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰማው፤ ድሮ ቴፕ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው ጉልበቱ ላይ በጣቱ ይመታል። የመጀመሪያው ገጽ ልጅነቱ ነው፤ እናቱ፣ የባሕሩ ዳር ቤት፣ የጎረቤት ራዲዮ። እኔ ተቀምጬ እጄን የማደርግበት አጥቻለሁ። ወድዶት ይሆን፣ አሳስቼው ይሆን እያልኩ ፊቱን ብቻ ነው የማየው። ገጹ አለቀ። ልትገልጥ ስትል እጁን እጇ ላይ አደረገ።

"በቃ ለዛሬ" አላት።

"ምነው? አልወደድከውም?"

"ወድጄዋለሁ። በቀን አንድ ገጽ ይበቃኛል።"

አዴ ጫልቱ መጽሐፉን ወደ ጎን ይዛ ውፍረቱን አየች፤ መጨረሻ ገጹን ገልጣ ቁጥሩን አነበበች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

"እንግዲያው እስኪያልቅ ድረስ የትም አትሄድም" አለችው።

"የት እሄዳለሁ?" አላት።